የራውዳዋ የጦር አዛዥ

ጦርነት ካለበት አገር የመጣ ሰው ሁሉ ለሌላው የጦር አዋቂ ይመስለዋል። በዚህ ስሌትማ ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ዋናተኛ በሆነ ነበር። እኔ ወሎዬዋ ስለ ጦርነት የማውቀው መሸሽ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሌላው ሰው ቀድሞኝ ሲሮጥ አይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የምኖርበት ቤት ማዳም ከዒድ በኋላ አገሬ ደርሼ እንድመለስ ቃል ገብታልኝ ነበር። ጡት አስጥዬ ለእናቴ የተውኳት ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ ናፍቆቷ ሊገድለኝ ደርሷል። እንግዲህ ይኸኔ ነው ጎረቤት አገሮች ሚሳይል መወራወር የጀመሩት።

ማዳም ቴሌቪዥኑን አይታ ፊቷ ዐመድ መሰለና ወደ ኩሽና መጣች። እናንተ አገር ጦርነት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ ግን በስንት ዘመኔ አንድ ሰው ሐሳቤን ቢጠይቀኝ እንዴት አላውቅም ልበል? በሶ እናዘጋጃለን አልኳት።

ኸላስ፣ ተሾምኩ። ገብስ ቆልቼ፣ በቤት መፍጫ ፈጭቼ፣ ቤተሰቡን በሶ በዘይትና በጨው እየለወስኩ አበላሁ። ከመስኮት ራቁ ብዬ ሁሉንም ኮሪደር ላይ አስተኛኋቸው። የማንንም ቃል የማይሰማው ባባ፣ የማዳም ባል፣ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እኔን ማስፈቀድ ጀመረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እኔም ጠባቂ ቀን ካልተኛ ሌሊት አይነቃም ብዬ ለራሴ የከሰዓት እንቅልፍ ደነገግኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሚሳይሉ እኛ ጋ ሳይደርስ ወሬው በረደ። ሻንጣዬን አወጣሁና ለማዳም የመውጫ ቪዛዬን ነገር አነሳሁባት። እንባዋ ቀደማት።

«ዘሃራ፣ ባገርሽ ጦርነት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል» አለችኝ። «እኛ ያለን ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ተመልሶ ቢመጣስ?»

ሆድ ባሰኝ። ወላሂ ምንም አላውቅም፣ ተኩስ የሰማሁ ጊዜ የአክስቴ ጎተራ ውስጥ ገብቼ ሳለቅስ ነው እግሬን ይዘው ጎትተው ያወጡኝ ብዬ እውነቱን ዘረገፍኩት። ባባ ይህን ሰምቶ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እውነተኛ ጀግና እንዲህ ነው፣ ጀብዱውን አያወራም አላት ለሚስቱ።

በነጋታው ልጄ ደወለች። ጦርነቱ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልቋል የኔ እናት፣ ከግዳጅ ያልተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ አልኳት።