ለዳና የታሰበው ጩኸታም ሬዲዮ

ሬዲዮ መክፈት ሁሉም ያውቃል፤ ዝቅ ማድረጉን ግን ማን ይችልበታል? የኔውማ ጭራሽ ዝቅ አልል ብሎኝ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው። በመንደራችን ሬዲዮ ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቡና ሸጬ ነው የገዛሁት። አንድ ቀን የድምፅ ማዞሪያው ተሰበረና ባለ በሌለ ድምፁ መጮህ ብቻ ሆነ። ላሟ ወተት ከለከለች። ባለቤቴ አየለችም፣ «የጴጥሮስ አባት፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!» አለች።

እኔ ማዞሪያውን ስነካካ ዋልኩ። እሷ ግን በአንዲት ፍየል ልትለውጠው ለጎረቤታችን ለዳና ቃል ሰጠች። ዳና ጆሮው ከበድ ስለሚል የሚፈልገው ጩኸቱን ነው። በማግስቱ ጠዋት ሊወስደው ተቀጣጠሩ። ለጎረቤት የሰጡትን ቃል ማጠፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሬዲዮዬን ተሸክሜ ሶዶ ከተማ ወረድኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ «ለሚቀጥለው ገበያ ተወው» አለኝ። ለሚቀጥለው ገበያማ ዳና ቤት ነው! የተሰበረችውን ዕቃ ምትክ ብቻ ስጠኝ አልኩት። ሦስት እግር ያላት ትንሽ ማዞሪያ ናት። ድምፁ በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በመሃሉ እግር ወደ ማጉያው ይሄዳል፣ ትርፉ በሌላው ጫፍ ወደ መሬት ይፈሳል አለኝ። ይኼ ምን ይከብዳል? የቦይ ውሃ ነው እኮ፤ የፈለግከውን ለቦዩ ትለቃለህ፣ የቀረው ወደ ገደል።

ብረት በከሰል አግዬ፣ እርሳስ አቅልጬ በየድኩ። ቀስ ብዬ አዞርኩት። ድምፁ እንደ ተገራ በቅሎ ታዘዘልኝ! አየለች እንኳ «አሁንማ ሰው ሆነ!» አለች። አንድ ነገር ብቻ፦ የሁለቱን ጫፍ እግሮች አቀያይሬ ኖሯል። ወደ ቀኝ ሲዞር ይወርዳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። ሲነጋ አፍርሼ ላስተካክል ስነሳ ዳና ከነፍየሏ ደጅ ደረሰ።

ሬዲዮውን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋና «ምነው አነሰ?» ብሎ እንደ ለመደው ወደ ቀኝ አዞረ። ይብስ አነሰ። ደግሞ አዞረ። ጭራሽ ጠፋ።

«አየለች! ነፍሱ እየወጣች እኮ ነው!» አለ። «እስከ መጨረሻው አዞርኩት! የሞተ ነገር በፍየል አልለውጥም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ፣ እህቴ።»

ፍየሏን እየጎተተ ሄደ። ዝም አይነቅዝም፤ እኔም ዝም አልኩ። አየለች ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ዳና አጥሩን ሲያልፍ ወደ ግራ አዞርኩት።

አባቶች «ሥራህን አስተካክለህ ሥራ» ይላሉ። አስተካክዬ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሬዲዮዬን ከዳና ቤት ሲጮህ እሰማው ነበር።