የራሳቸውን ቤት የሚፈሩት ሰውዬ

ለራሱ ቤት ዘበኛ የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ በጀት አውጥተው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጀመሩ። "እስኪያልቅ" ብለው ከነቤተሰባቸው ከጀርባ ሰርቪሷ ውስጥ ገቡ። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር በጀቱን እንደ አዲስ ይሠራሉ። ልጆቻቸው ሰርቪሷ ውስጥ አድገው ወጡ። ትልቁ ቤት ግን እስካሁን ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ጋሽ ታደሰ ሊያዩት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እኔ የማወልቀው የካ ሚካኤል ስገባ ነው።

በቀደም ሴት ልጃቸው ወልዳ እናቷ ዘንድ ልትታረስ መጣች። ሰርቪሷ አልበቃ ስትል፣ እኔና እናቷ ከትልቁ ቤት አንዱን ክፍል ጠርገን፣ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍነን አስገባናት።

ጋሽ ታደሰ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማን ፈቀደላችሁ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ጋሼ፣ ባለቤቱ እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አልኳቸው እየሳቅሁ።

"ቀስ በይ! ባለቤቶቹ ይሰማሉ።"

"አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ልጅህ ናት እኮ! ግባና ሳማት!" አሉ ሚስታቸው።

ሕፃኗ አለቀሰች። ድምፅዋ ባዶ ክፍሎቹን ዞሮ ደረጃ ካልተሠራለት ፎቅ ተመለሰ። ጋሽ ታደሰ ወደ ላይ ቀና ብለው እጅ ነሱ።

"ይቅርታ ጌቶቼ፣ ለጥቂት ቀን ነው" አሉና ሳይገቡ ሄዱ።

ያን ማታ ስጸልይ ስለ ጠባቧ ቤቴ አመሰገንኩ፤ ከእኔና ከልጆቼ በቀር ማንም አይኖርባትም።