እትዬ ሀዲያ ያላዩበት ቀን

መንደር ሁሉ ሁለት አስተዳደር አለው። አንደኛውን መንግሥት ይሾመዋል፤ ሁለተኛው ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ራሱን ይሾማል። አንደኛው ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ይታወሳል። ሁለተኛው ግን ከቤት ስትወጣ «ወዴት ነህ?»፣ ስትመለስ «ምነው ቆየህ?» ሳይልህ አይውልም። የኔ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለበትም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው።

ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደር ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ ሀዲያ ናቸው። ደጃፋቸው በአንድ በኩል መንገዱን፣ በሌላው ትምህርት ቤቱን ያያል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ መንቀሳቀስም አላስፈለጋቸውም፣ አገሩ ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። የተቆጣ ሰው ሲመጣባቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ኧረ እኔ ምን አገባኝ፤ እኔ አላየሁም፣ ዓይኔ ነው ያየው።»

ሙዓዝ ከሳዑዲ የተመለሰ ጊዜ ባዶ እጁን መምጣቱ እንዳይታወቅበት ከመኪና ሩቅ ወርዶ በማሽላው መሀል ተሽሎክልኮ ነበር የገባው። ቤት ሲደርስ እናቱ ደጅ ቆመው ጠበቁት። «ግባ ልጄ፣ ሻንጣህ ውስጥ ብርድ ልብስ ብቻ መሆኑን ሰምቻለሁ። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» አሉት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎችን እትዬ መንገድ ላይ አስቆሙና፣ ሙሽራው ኮምቦልቻ ላይ ማንም ያልነገራቸው ሚስት እንዳለችው አስረድተው ከነጋቢያቸው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የሰሙት ያኔ ነው።

ለውጡ በመጣ ሰሞን አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ወደ መንደሯ ገባ። ሥራው ሁለት ነበር፦ ትምህርት ላቋረጡ ልጆች፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ ክፍል መክፈት፤ ሰዉ ከፖሊስ ጋር ተባብሮ ሰፈሩን የሚጠብቅበት ኮሚቴ ማቋቋም። ከደሴ የመጣችው የድርጅቱ ሠራተኛ ራዚያ «ነቅቶ የሚያይ፣ ምስጢርም የሚጠብቅ ሰው ምረጡ» አለች። ሕዝቡ ሁለተኛውን መሥፈርት እንዳልሰማ አልፎ በአንድ ድምፅ እትዬ ሀዲያን መረጠ።

ሐይቅ ከተማ ሄደው ስለ ምስጢር አጠባበቅ ሠለጠኑ። ሲመለሱ ከባጃጁ ሳይወርዱ ማን ሥልጠናው ላይ እንዳንኮራፋ፣ ማን የሻይ ሰዓት ዳቦ በኪሱ እንደከተተ ዘርዝረው ጨረሱ። ድርጅቱ ቢጫ ሰደርያ ሰጥቷቸዋል። እሱን ከቀሚሳቸው በላይ ደርበው ደጃፉ ላይ ሲሰየሙ፣ ውኃ ሊቀዳ የሚወርደው ሰው ሳይቀር ፈቃድ መጠየቅ ይቃጣው ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰዉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ሸሸ፤ እትዬ ሀዲያን ጉልበታቸው አስቀራቸው። በዚያ ጭንቅ ሰሞን የትምህርት ቤቱ በር፣ ዴስኩ፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ የጣራው ቆርቆሮ ሳይቀር ጠፋ። አገር ሲረጋጋ ሁሉም «ጦርነቱ ወሰደው» አለ። እውነት ነው፣ ጥቂቱ ማገዶ ሆኗል። የቀረውን ግን ገሚሱ ሰው ከመሸሹ በፊት፣ ገሚሱም ቀድሞ ተመልሶ ወደ ቤቱ እንዳስገባው እትዬ በበራቸው ስንጥቅ አንድ በአንድ አይተዋል። ጎረቤታቸው ኸሚስ ዴስክ ተሸክሞ ሲያልፍ «ሌላ ከሚያነደው እኔ ዘንድ ይደር» እያለ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰምተውታል።

ራዚያ ተመልሳ መንደሩን ሰበሰበች። «የመምህር ደመወዝ አለን። ለመቀመጫና ለበር ግን ምንም የለንም። ወሩ እስኪያልቅ ክፍሉ እንዲህ ባዶውን ከቆየ ድርጅቱ ደመወዙን ወደ ሌላ መንደር ይወስደዋል» አለች።

ይህ ለእትዬ ሀዲያ የገዛ ቤታቸው ጉዳይ ነው። የልጅ ልጃቸው ሙጂባ ትምህርት ካቆመች ወዲህ ደላላ ቤታቸው መመላለስ ጀምሯል። ልጅቱም «እማ፣ ተቀምጬ ምን ልሁን፣ ዓረብ አገር ልሂዳ» ማለት አብዝታለች። እናቷን በዚሁ መንገድ ሸኝተዋት ከስልክ ድምፅ በቀር አላገኟትም። ሁለተኛ መሸኘት አይችሉም፤ ይህን ለአላህ ነግረውታል፣ ለሰው ግን አልነገሩም።

የጣቢያው ፖሊስ ሳጅን ከበደ ተነሣ። «እትዬ ሀዲያ፣ እርስዎ እዚሁ ነበሩ። ስም ይስጡኝና ነገ ቤት ለቤት እንፈትሻለን።»

ዕድሜ ልካቸውን ሳይጠየቁ የተናገሩ ሴት ዛሬ፣ ያውም በሕግ፣ ያውም በአደባባይ፣ ተናገሩ ተባሉ። ምላሳቸውን በላቸው። ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አሰቡ፦ ዛሬ ስም ከጠሩ ዴስኩ ሁሉ ፍተሻ ሳይደርስበት ማገዶ ይሆናል፤ ኸሚስ ይታሰራል፤ የታሰረ ሰው ልጅ ደግሞ ከሙጂባ ጎን ቁጭ ብላ አትማርም። ሌላም ነገር ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል የነበረው የመኪና ቸርኬ ከራሳቸው አልጋ ሥር ተኝቷል። ከዘራፊ አተርፋለሁ ብለው፣ ማንም ሳያያቸው፣ እያንከባለሉ ያስገቡት ነው።

«አላየሁም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«አላየሁም አልኩህ እኮ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና «ነገ ለገበያው ሐይቅ እወርዳለሁ። ከጧት እስከ ዐስር ሶላት ቤቴ ሰው የለም፤ ሙጂባንም ይዣት ነው የምሄድ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሳጅን ደግፎ ያደርሰኛል» አሉ።

ሳጅን ሊቃወም አፉን ሲከፍት፣ ነገሩ የገባት ራዚያ «የኮሚቴ ሥራ ነው ሳጅን፣ አብሽር» ብላ ዘጋችው።

በገበያው ቀን መንደሯ ያለ ዓይንና ያለ ሕግ ዋለች። እትዬ ሀዲያ ገበያ መሀል ተቀምጠው እንዲያ ያለ ስቃይ አይተው አያውቁም። ሽንኩርት ያነሣሉ፣ ይመልሳሉ፤ አንገታቸው ወደ አርዲቦ እየዞረ አስቸገራቸው። «ሳጅን፣ ማን ምን ተሸክሞ ይሆን አሁን?» ይላሉ። «እትዬ፣ እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ለኔ ባይነግሩኝ ይሻላል» ይላል እሱ። ሽንኩርት ሻጯ «ምነው የናንተ አገር ሰው ዛሬ አንድም አልወረደ?» ብትላቸው «ጉንፋን ገብቷል» አሉ።

ሲመለሱ በሩ በቦታው ቆሟል። ቆርቆሮው ጥቀርሻ ለብሶ ጣራው ላይ ወጥቷል። ጥቁር ሰሌዳው በርበሬ ሲሰጣበት ስለከረመ ቀልቷል። ዴስኩማ ከድሮውም በዝቷል፤ ሰዉ አንዴ መመለስ ከጀመረ የማንን እንደሚመልስ መለየት አቅቶት ነበር። ሳጅን አንዱን ረጅም አግዳሚ ዳበስ ዳበስ አደረገና ክው አለ። «ይሄማ የኛ ነው፣ የጣቢያው!»

«ተወው፣ እዚህ የሚቀመጥበት ልጅ አለ» አሉት እትዬ።

እቤት ገብተው ከአልጋው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። ቸርኬው የለም። በሩ የታሰረው በገመድ ብቻ ነበር፤ የገባው ሰው ግን አንድ ዕቃ አላነሣም፣ አንድ ነገር አልበረበረም፣ በቀጥታ ወደ አልጋው ነው የሄደው። እትዬ ሀዲያ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ሰው ያኔ አይቷቸዋል፤ አይቶም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ሲያዩ ኖረው መታየታቸው ትዝ ብሏቸው አያውቅም ነበርና አፈሩ።

በማግስቱ ደወሉ ተደወለ። ሙጂባ ደብተሯን ይዛ በረረች። እትዬ በልማድ በርጩማቸውን አወጡ፤ ግን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፣ ወጪ ወራጁን ወዴት ነህ አላሉም። መንደሩ ግራ ገባው። የሚያልፈው ሁሉ እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል፣ ይስላል፣ ሳይጠየቅ ማለፍ አቅቶት ይቆማል። ሙዓዝማ ሄዶ ተመልሶ እንደገና አለፈ። ለካ የት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ቢጠፋም የሚፈልገው ያለ አይመስለውም።

ኸሚስ የልጁን የሱረያን እጅ ይዞ መጣና ፊታቸው ቆመ። «አይጠይቁኝም?» አላቸው።

«ምኑን?»

«ወዴት እንደምሄድ ነዋ።»

ቀና ብለው አዩት። እሱም አያቸው። ቸርኬውን ማን እንደወሰደ ያኔ ገባቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ ቸርኬ ትንፍሽ አላሉም።

«ወዴት ነህ?» አሉት ቀስ ብለው።

«ልጄን ላስመዘግብ።»

«ከፊት አስቀምጣት በል። ዓይኗ ሩቅ አያይም። ፍየሎቹን ስትጠራ ካምና ጀምሮ ከቅርብ ነው የምትለያቸው።»

ኸሚስ ራሱ የሰማው ያኔ ነው፤ ዞሮ ልጁን አያት።