ከፊት የሚቆሙት አቶ ግሬም

በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ከፊት ቆሞ ዱላ የሚቀምስና ከኋላ ቆሞ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» የሚል። ሁለተኛው ወገን እጅግ ብዙ ነው። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ወገን ግን ከመመናመኑ የተነሳ፣ በአንድ ሰፈር አንድ ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው። እኛ አንድ አለን። ስማቸው ክቡር አቶ ግሬም ሃስሎክ ይባላል። ማውንት ጋምቢየር የምትባል ከተማ ውስጥ ጎሚስታ ናቸው። በሥራ ቀን የሰው ጎማ ሲለጥፉ ይውላሉ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘንዶ ሲረግጣቸው ያመሻል።

አንቱ የምላቸው በዕድሜ ገፍተው አይደለም፤ ገና ስድሳም አልሞላቸው። ነገር ግን አንድ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ በእኔ ፈንታ ሲደበደብ፣ ቢያንስ በጽሑፍ አንቱታ ይገባዋል ብዬ ነው። በአፍ ግን አንተ ነው የምላቸው፤ እሱም ሲበዛባቸው ነው።

አራት ሆነን በኢንተርኔት የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ዋሻ እንገባለን፣ ጭራቅ እንገድላለን፣ መጨረሻ ላይ ዘንዶው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሁለቱ ሰዎች ጭራቁን ይመታሉ። እኔ የመድኃኒት ቦርሳ ይዤ የቆሰለውን አክማለሁ። አራተኛው ሰው ታንክ ይባላል። ታንክ ማለት በር የሚያህል ጋሻ ተሸክሞ ቀድሞ የሚገባ፣ ጭራቁን «ና ወደ እኔ፣ አንተ ግም!» ብሎ የሚሳደብ፣ ከዚያም ሌሎቻችን በሰላም ሥራችንን እንድንሠራ ቆሞ የሚወቀጥ ሰው ነው። መንገዱን ማወቅ ያለበት እሱ ነው። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚቆም የሚወስነውም እሱ ነው። ቡድኑ ካሸነፈ መቺዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ከተሸነፈ ታንኩ አጥፍቷል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ሲጣስ ግን አይቼ አላውቅም።

መቺዎቻችን ዴስሊና ቪሊያሚ ናቸው። ዴስሊ ማካይ የምትኖር ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በጨዋታው ግን እሳት ትወረውራለች። ሰውን ሁሉ «ውዴ» ነው የምትለው፤ የምትሰድበውንም ጭምር። ቪሊያሚ ሎጋን ውስጥ በአንድ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ቶንጋዊ ወጣት ነው፤ ዴስሊን አክስቴ፣ አቶ ግሬምን አጎቴ ይላቸዋል። እኔ ጆስሊን፣ ጂሎንግ ከተማ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሰው ሲያቃስት እየሰሙ ፈገግ ማለት የለመድኩት እዚያ ነው።

አቶ ግሬም ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃሉ።

«ሁላችሁም ዝግጁ?»

«ዝግጁ!» ትላለች ዴስሊ፣ ከኩሽናዋ። የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ በማይኩ ይሰማናል። ተመልሳ ስትቀመጥ ደግሞ እሳቸውን ሳትጠብቅ፣ ጥግ ላይ በሰላም ተኝቶ የነበረ የጭራቅ መንጋ ላይ እሳት ትለቅበታለች። መንጋው ተነስቶ ወደ እሷ ይሮጣል።

«ግሬም! ውዴ፣ የት ሄደህ ነው?»

«እዚሁ ነኝ እኮ፣ ዴስ። በሩ ጋ።»

«እኔ እዚህ እየተበላሁ አንተ በሩ ጋ ምን ትሠራለህ?»

አቶ ግሬም ትንሽ ይተነፍሳሉ። ከዚያ የሁሉን ጥፋት በራሳቸው ላይ የሚጽፉባትን የታወቀች ቃላቸውን ይላሉ። «በቃ፣ በኔ ያዙት።»

በኔ ያዙት! በይቺ ቃል በሰባት ዓመት ውስጥ ያልያዝንባቸው ነገር የለም። የቪሊያሚ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በኔ ያዙት። እኔ በስህተት የራሴን ቡድን ትቼ አንድ የሚያልፍ አጋዘን ሳክም፣ በኔ ያዙት። አንድ ጊዜ ማካይ ላይ አውሎ ነፋስ ተነስቶ መብራት ጠፋ። ዴስሊ በማግስቱ ስትመለስ በመጀመሪያ የወቀሰችው አቶ ግሬምን ነው። እሳቸውም ነፋሱን በራሳቸው አስያዙት።

ክቡርነታቸው ሽንት ቤት መሄድ አይፈቀድላቸውም። ከእኛ አንዱ ቢነሳ ማንም ልብ አይለውም፤ እሳቸው ከተነሱ ግን ሦስት ሰው ዋሻ መሃል ተገትሮ ይቀራል፣ ቪሊያሚ መዝሙር ይጀምራል፣ ዴስሊ ስለ ፕሮስቴት ታነሳለች። ባለቤታቸው ናሬል የእሁዱ ጥብስ ሊቀዘቅዝ ነው ብላ ስትጣራ እንሰማለን። «ዘንዶ ላይ ነኝ!» ይላሉ። ናሬል «ዘንዶው ይበላልሃል ወይ?» ትላለች። ልጃቸው ስትዳር እንኳ፣ ሠርጉ እሁድ መሆኑን የሰማችው ዴስሊ «ቅዳሜ ቢሆን ምን ይጎድላችኋል፣ ውዴ?» ብላ ጠየቀች። ሠርጉ ቅዳሜ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅንም።

አንድ ምኞት ነበራቸው። በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ እያስመሰሉ ጣል ያደርጓታል። «ዛሬ እኔ ቀስተኛ ሆኜ ብገባስ?»

ቪሊያሚ ወዲያው «እንዴ፣ አጎቴ! አንተ ከሌለህ እኛ ማን ነን?» ይላል። ምስጋና ትመስላለች፤ ነገር ግን በዚህች ምስጋና የታሰረ ሰው ገመድ የታሰረ ያህል አይንቀሳቀስም። ዴስሊ ረጅም ትንፋሽ ታወጣና ስለ ጣቶቿ ቁርጥማት ትናገራለች። የእኔ ዘዴ ዝምታ ነው። ዝም እላለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው «እሺ፣ ቀልዴን ነው» ብለው ጋሻውን ያነሳሉ። ከሦስታችን የሚከብደው የእኔ እንደሆነ አንድ ቀን ነግረውኛል፤ እኔም በሙያዬ ኮርቼ ነበር።

ባለፈው ጸደይ ግን ሰዓት ተቀየረ። እኛ ደቡብ ያለነው በየጸደዩ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን፤ የዴስሊና የቪሊያሚ ክፍለ ሀገር ሰዎች፣ ኩዊንስላንዶች፣ አንገፋም ብለው በአቋማቸው ጸንተዋል። የአቶ ግሬም አገር ደግሞ ድሮም ከእኔ በግማሽ ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «እንደተለመደው ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ መቃጠር ራሱን የቻለ ጀብዱ ነው። የዚያን እሁድ እኔና አቶ ግሬም ገባን፤ ሁለቱ ኩዊንስላንዶች የሉም።

«ትናንት ጽፌላቸው ነበር» አሉ። «ዴስሊ መልእክት አታነብም እንጂ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻችን ቀረን። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሞት ስነሳ ከርሜ፣ የማወራው አጣሁ። ስለ ጎማ ጠየቅኳቸው። ስለ ጥርስ ጠየቁኝ። ከዚያ ዝም አልን፤ ይህኛው ዝምታ ግን ዘዴ አልነበረበትም።

«ጆስ፣ ላሳይሽ የምፈልገው ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ።

ጋሻ ተሸካሚው ግዙፍ ሰውዬ ጠፋና በቦታው አንዲት ቀጭን ቀስተኛ ብቅ አለች። አረንጓዴ ካባ ለብሳለች፤ ስሟ ናሬል ነው። በሥራ ቀን፣ ሱቁን ዘግተው እራት እስኪደርስ፣ ለብቻቸው እያሳደጓት ኖረዋል። በጨዋታው ደረጃ ከእኔ ትበልጣለች።

«ቆንጆ ናት» አልኩ። «ግን ምን አደከመህ? እኛ እንደሆንን አንለቅህም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ክንፉን ማየት ፈልጌ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ዘንዶው ተነስቶ ክንፉን ሲዘረጋ እኛ ከኋላ ሆነን «ውይ! ውይ!» እንላለን፤ ዴስሊ እንዲያውም አንዳንዴ እሳቱን ትተወዋለች። እሳቸው ግን እግሩ ሥር ናቸው። ጋሻው ግማሹን ይጋርዳቸዋል፣ የዘንዶው ሆድ የቀረውን።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ያየሁት ጉልበቱን ነው» አሉ። «ጉልበትና ሆድ። እናንተ ውይ ስትሉ እኔም ውይ እላለሁ፤ ላለመለየት ያህል።»

ይህን ሲሉ አላማረሩም። የጎማ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገሩት። እኔን ግን ከፋኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋኝ።

በአንድ ሰዓት መዘግየት ዴስሊ ገባች። «ምነው እናንተ ቀድማችሁ መጣችሁ?» አለች።

«ሰዓት ተቀይሯል፣ ዴስ» አልኳት።

«ግሬም፣ ውዴ፣ እንዲህ ያለውን ማስታወስ ያንተ ፈንታ ነበር።»

«በኔ ያዙት» አሉ አቶ ግሬም።

ቪሊያሚም ተከትሎ ገባና አረንጓዴዋን ቀስተኛ አየ። «ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ ቪሊ። ዛሬ... ዛሬ እንኳ ብዬ ነበር።»

የተለመደው ጀመረ። እንዴ አጎቴ፣ አንተ ከሌለህ። ትንፋሽ፣ ቁርጥማት። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ተራው የእኔ ዝምታ ነበርና ጠበቁኝ።

«ሌላ ታንክ እንፈልግ» አልኩ።

ፈለግን። በእኛ የዓለም ጥግ የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ታንክ የሚሆን የለም፤ ለምን እንደሌለ ደግሞ እኛን ያየ ይገባዋል። ከስንት ጥበቃ በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው መጣ። ሰላምም አላለም። ዴስሊ ሳትጠብቀው እሳቷን ለቀቀች፣ መንጋው በላት፣ «የት ሄደህ ነው፣ ውዴ?» አለች። ሰውዬው እዚህ የማይጻፍ አንድ ነገር ጽፎልን ወጣ። እኛ ጋር የቆየው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይሞላም።

«ምን አደረግኩት?» አለች ዴስሊ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ሰባት ዓመት ሙሉ «በኔ ያዙት» ሲባልላት ስለኖረች፣ ጥፋቷን አይታው አታውቅም።

«ግድ የለም» አሉ አቶ ግሬም። «ጋሻዬን ላምጣ። ቀልዴን ነው።»

«ተቀመጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር። «ጋሻውን ለእኔ ስጠኝ። ቪሊ፣ አንተ የመድኃኒት ቦርሳዬን ያዝ።»

«እኔ? አክስቴን ብገድላትስ?»

«ታንኩን ትወቅሳለህ» አልኩት።

ከፊት መቆም ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጀርባችሁን የሚያዩ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። የትኛው በር እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት የተመላለስኩበትን ዋሻ ካለመሪ ሳየው፣ አንድም ጥጉን አላስታወስኩትም። «ዝግጁ?» አልኩ። ዴስሊ ከኩሽና «ዝግጁ!» አለች፤ የዚያን ጊዜ ማንቆርቆሪያዋን ብሰብረው ደስ ባለኝ። አቶ ግሬም ግን ከኋላ ሆነው «እንዲህ ብታደርጊ» የምትል ቃል አልወጣቸውም። ዝም ብለው ተከተሉኝ። ሁለት ጊዜ መንገድ ስስት ሁለቱንም ጊዜ አብረውኝ ሳቱ።

እንደምንም ዘንዶው ጋ ደረስን። «ና ወደ እኔ!» አልኩት፤ ስድቡ ጠፋኝ። መጣ። ዓለሙ ሁሉ ሆድና እግር ሆነ። ጋሻዬን ይዤ እየተወቀጥኩ ሳለ ከላይ ነፋስ ሲነሳ ሰማሁ፤ ከኋላዬ ዴስሊና ቪሊያሚ «ውይ!» አሉ። እኔም ውይ አልኩ፤ ላለመለየት። ወዲያው ዘንዶውን በተሳሳተ አቅጣጫ አዞርኩትና ሁላችንንም በአንድ ትንፋሽ አቃጠለን።

በጨዋታችን የሞተ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ወደ ላይ ያያል። አራታችንም ተንጋለልን። የሚወቀሰውን ሰው መምረጥ ተቸገርን።

«በኔ ያዙት» አሉ አቶ ግሬም።

«አይሆንም» አልኩ። «ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ እውነቱን ነው፣ ጆስ» አለች ዴስሊ። «አንድ ፍላጻ እንኳ አልለቀቀም። ሳየው ነበር። ቆሞ ቀርቷል።»

አቶ ግሬም እንደተንጋለሉ መለሱ። «ክንፉን እያየሁ ነበር። ከሥር በኩል ወርቃማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። ማናችሁም አልነገራችሁኝም እኮ።»

እኛም ከሥር በኩል አይተነው አናውቅም ነበር። አሁን ተንጋለን አየነው። ሌላ ጊዜ በሞትን ቁጥር ወዲያው የምንጫነው የመነሻ ቁልፍ አለ፤ ማንም አልጫነውም። ከማውንት ጋምቢየር በኩል ናሬል ስለ ጥብሱ ስትጣራ ተሰማ፤ አቶ ግሬም «መጣሁ» አሏት እንጂ አልተነሱም።

«ግሬም» አልኩ፤ ከጋሻው ሥር ያየሁት ነገር ትዝ ብሎኝ። «የግራ ጉልበቱ ላይ አንዲት ቅርፊት አለች...»



«አየሻት?» አሉ። እንዲያ ያለ ደስታ በድምፃቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ተገልብጣ ነው የገባችው።»

«ተገልብጣ! አዎ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!»

«ስለምንድን ነው የምታወሩት፣ ውዴ?» አለች ዴስሊ።

ሁለታችንም አልነገርናትም።