ከአባቷ አጠገብ የቆመችው መኪና

የኛ ሰው ድሮ ፎቶ ሲነሳ መደገፊያ ይወዳል። ፎቶ ቤት ከሆነ የፕላስቲክ አበባ ወይም መስመር የሌለው ስልክ፣ ደጅ ከሆነ ደግሞ የሰው መኪና። የማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ገባ ሲባል እጅን ኮፈኑ ላይ ጣል፣ ደረትን ነፋ፣ ከዚያ ቀጭ! በዚህ ሒሳብ ኦስሎ ከሚኖረው አበሻ ግማሹ የባለመኪና ልጅ ነው። አትፍረዱብን፤ ለድሃ አገር ሰው ከመኪና ጎን መቆም ራሱ ግማሽ መንገድ ነው።

እኔ ደግሞ እነዚያን መኪናዎች የመለየት አባዜ አለብኝ። ያደግሁት ሸኖ፣ አስፋልት ዳር ነው፤ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሳላይ በድምፁ እለየው ነበር። ትሬንታ ኳትሮዋ ዳገቱ ላይ ስታቃስት፣ የወታደሮቹ ኦራል ስታጓራ፣ ከቤት ሳልወጣ እናገራለሁ። አሁን እዚህ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍ ልገዛ ስገባ እንኳ የቆየ ፎቶ በስልኩ ይዞ አፍንጫዬ ሥር የሚደቅን አይጠፋም። "ይቺ ማናት?" ይለኛል፤ የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ነው። መብራቷን፣ የፊት ፍርግርጓን፣ የጎማዋን ብሎን አይቼ እነግረዋለሁ፤ የወታደር ትሁን የነጋዴ፣ እሱንም እጨምርለታለሁ።

እዚህ አገርም ይኸው ልክፍት የያዛቸው ጡረተኞች አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው የጥንት ፎቶ ያገላብጣሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሙሽሮች ከጭነት መኪና ፊት የቆሙበት ፎቶ መጣ። አንዱ ሽማግሌ ተናደዱ፤ እነዚህ ሰዎች ፍርግርጉን ጋረዱት እኮ ብለው። በልቤ ስቄባቸው ወጣሁ። ብዙም ሳልቆይ የእሳቸው ቢጤ ሆኜ ተገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለ የምትባል፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት አለች። ቶየን ሰፈር ትኖራለች፤ ቢየርቪካ ካሉት የመስታወት ቢሮዎች አንዱን ታጸዳለች። አባቷ ሰሜን ጦርነት ላይ የሞተው እሷ ገና በእቅፍ ሳለች ነው። እናቷም ከዐረፉ ቆይተዋል። የአባቷን መልክ የምታውቀው ከአንዲት ፎቶ ብቻ ነው። ቀጠን ረዘም ያለ ሰው (አንቱ እንዳልለው ፎቶው ላይ ከልጄ ያንሳል) ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከጭነት መኪና ጎን ቆሟል። ይህቺን ፎቶ ጡቷ ሥር ይዛ ሱዳንን አቋርጣለች፤ ሌላው ሻንጣዋ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አመጣችልኝ። አስተልቃ ሳሎኗ ልትሰቅላት፣ ከሥሯም "አባቴ ከነመኪናው" ብላ ልታጽፍባት ነው። ልጆቿ የአያታቸው መኪና ማን ትባላለች እያሉ ስለነዘነዟት ስሟን ብቻ ንገረኝ አለችኝ።

ኢሱዙ ናት አልኳት፤ አፍንጫ የሌላት፣ ፊቷ ልጥፍ ያለ። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበር! የለም፣ አዋቂነቴ መች ያስቀምጠኛል። ይቺ ሞዴል አገራችን የገባችው ደርግ ከወደቀ ወዲህ መሆኑን እንደ ምራቂ ጣል አደረግሁላት። ፊቷ ሲለዋወጥ ነው ያልኩት የገባኝ። አባቷ የሞተው ደርግ ሳይወድቅ ነው።

"ታዲያ ይሄ ሰውዬ ማነው፣ ጋሼ?" አለችኝ።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሞዴሎቹ ይመሳሰላሉ፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ቀባጠርኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አላዋቂ መሆን አማረኝ። እሷ ፎቶዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ባቡሩ ወረደች። አስቡት እስቲ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አባዬ እያለች ያወራችው ሰው መንገደኛ ሆኖ ቢገኝስ? እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ እኔ ተናገርኩ፣ የመሸው በእሷ ላይ ነው።

አስካለ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ደሴ ላሉት የእናቷ ታናሽ እህት፣ ለእትዬ በላይነሽ ደወለች። በሳምንቱ ቤቴ መጥታ የሰማችውን ነገረችኝ። ዓይኗ አብጧል።

ሰውየው አባቷ ነው። መኪናዋ ናት ባዳዋ። አባቷ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበር፤ ጥሎት የሄደው አንድ ፎቶም ኦራሉን ተደግፎ የተነሳው ነው። ያቺው ኦራል ፈንጂ ላይ ወጥታ ይዛው ነደደች። እናቷ ያን ፎቶ ባዩ ቁጥር ልባቸው እየደማ ሣጥን ውስጥ ደበቁት። አስካለ ከፍ ብላ አባቴ ምን ይመስል ነበር ስትላቸው ግን ፎቶ ቤት ይዘውት ሄዱ። የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሟቹን ከሣጥን አውጥተው ልጁ ሠርግ ላይ ያቆሙታል። ባለሙያው ባላቸውን በምላጭ ቆርጦ አወጣላቸው፣ ካኪውን ነጭ ቀባው፣ ሌላ ፎቶ ላይ ካለች እህል ጫኝ ኢሱዙ ጎን ለጠፈው፣ ከዚያ እንደ አዲስ አነሳው። እናቷ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጦር ሜዳ የማትሄድ መኪና።

ፎቶዋን ተቀብዬ እንደገና አየሁ፤ አሁን ሰውየውን። የተዘረጋው ክንዱ ከትከሻው ትይዩ ነው፤ መዳፉም ያረፈው አየር ላይ ነው። ኢሱዙ እጅ የሚያሳርፉበት ኮፈን የላትም። የኦራል ኮፈን ግን ልክ እዚያ ድረስ ይመጣል። የብሎኗን ጥርስ ሳይ የሰውየውን እጅ አላየሁም። አፈርኩ።

አስካለ ከሥሩ ምን እናጽፍ ብላ ጠየቀችኝ። አሁን እንኳ አዋቂነቴ አልለቀቀኝም፤ የራሱ መኪና ኦራሏ ናት፣ እውነቱ ይጻፍ ካልሽ እሷ ናት አልኳት። ከዚያ ፎቶዋን ከእጄ ወሰደችና፣

"ኢሱዙ በልልኝ" አለች፤ "እናቴ በስንት ጭንቅ ያወረደችውን ሰው እኔ መልሼ አልጭነውም።"

ኢሱዙ ብዬ ጻፍኩላት። ሞዴሏን አልጨመርኩም።