አርቪ ገዛሁ፤ ወለሉን ጋሽ በቀለ አገኙልኝ

ወገን፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ፊት፣ በስፒከር ተዋረድኩ!

በስፒከር! ሌላው ሰው ጓዳ ገብቶ በሹክሹክታ ይዋረዳል። እኔ ግን ድምፁን ጨምሬ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ «ሁላችሁም ስሙልኝ!» ብዬ ነው የተዋረድኩት።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስትስቁብኝ ግን ቢያንስ ላይክ አድርጉ፣ በነፃ አልዋረድም።

ባሌን ሰሎሞንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ያን ትልቁን፣ ከስቴት ስቴት። ሳምንታት መንገድ ላይ ነው፣ ቤት የሚውለው ጥቂት ቀን ነው። ቤት በዋለበት ቀን ደግሞ ይተኛል።

ልጃችን ሜሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው። በአማርኛ ትጠየቃለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቷ ከመንገድ ሲደውል ወሬያቸው ይሄ ነው፦ «ሃይ ዳድ። ጉድ። ጉድ። ኦኬ፣ ባይ።»

አለቀ! የወሩ ወሬ ይሄው ነው!

አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሏ ስትሄድ አይቻት ሆዴ ባባ። አባትና ልጅ ዓይኔ እያየ ሊረሳሱ ነው ብዬ ፈራሁ። የምሬን ነው፣ እዚህ ጋ አትሳቁ።

ሰሎሞን በዚህ ሰመር አንድ ሳምንት እረፍት አለው። አንድ! ይቺን ካባከንናት ቀጣዩ እረፍት ሲመጣ ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች። ስለዚህ ፕላን አወጣሁ። ሦስታችንም አንድ ጠባብ ነገር ውስጥ እንታሸጋለን፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትልቁ ሐይቅ እንነዳለን። ዋይፋይ የለም፣ ማምለጫ የለም፣ በግድ እናወራለን።

ሆቴል በእኛ አቅም አይሞከርም። ድንኳን ውስጥ ደግሞ እኔ አልተኛም፣ ድንኳን ካየሁ ማን ሞተ ነው የምለው።

ስለዚህ አርቪ!

አርቪ ማለት መኪናም ነው፣ ቤትም ነው። ፊት ለፊት መሪ፣ መሀል ምድጃ፣ ከኋላ አልጋ፣ ጥግ ላይ ሽንት ቤት። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በእኛ ዓይነት ኪስም ይገኛል። ለሰሎሞን በስልክ ነገርኩት።

«ዓመቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ተኝቼ፣ እረፍቴንም መኪና ውስጥ ልተኛ?» አለኝ። ይሄን እንኳ ችዬው ነበር። ቀጥሎ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደግሞ አንቺ መኪና መግዛት አትችይም፣ እኔ እስክመጣ ጠብቂ።»

አትችይም! እኔን!

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ኢገን ወደምትባለው ከተማ ድራይቭ አደረግሁ።

ሻጩ ኦንላይን ያገኘሁት ጌሪ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። አርቪዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። በዕድሜ ሜሮንን ታስከነዳለች፣ ጎኗ ላይ የደበዘዘ ቡናማ መስመር አለ፣ አንዱ መስታወቷ በቴፕ ተይዟል። በእኔ በጀት የሚገኘው ይሄ ነው፣ ምን ታደርጉኛላችሁ?

እኔም ባለሙያ መሰልኩ። ጎማውን በእግሬ መታሁ። ለምን እንደሚመታ አላውቅም፣ ወንዶች ሲመቱ አይቻለሁ። ኮፈኑን አስከፈትኩ፣ «እህም» አልኩ፣ አስዘጋሁት።

ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባኝ። መጋረጃ አላት! ሚጢጢ ፍሪጅ አላት! የሆነ የእርጥበት ሽታ አለ፣ እሱን ግን የቆየ ቤት ሁሉ ይሸታል ብዬ አለፍኩት። ልቤ ሄዷል በቃ።

ሽንት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጌሪ ቆመ። ፊቱ ከበድ አለ። «እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ፣ «እዚህ ጋ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ሶፍት ስፖት አለ።»

ሶፍት ስፖት።

እናንተ አዲስ አበባ ያደጋችሁ፣ ፍረዱኝ! አንድ ሰው ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ «ሶፍት» ካላችሁ ምን ትሰማላችሁ?

እኔ የሰማሁት «የሶፍት ቦታ አለ» ብሎ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ እውነትም ግድግዳው ላይ የሶፍት ማንጠልጠያ አለ! ባዶውን! ምስኪን፣ ሶፍቱ ስላለቀ ነው እንዲህ ያፈረው ብዬ አንጀቴን በላኝ።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ስንት ዓመት አሜሪካ ኖሬ! ሥራ ቦታ «ቶይሌት ፔፐር» ነው የምለው፣ ተሳስቼም አላውቅ። ግን ስደሰት ጭንቅላቴ ሳያስፈቅደኝ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። ያንን መጋረጃ ካየሁ በኋላ እኔ ኢገን አልነበርኩም፣ ሽሮ ሜዳ ነበርኩ።

«ኖ ፕሮብለም!» አልኩት። «አይ ሃቭ ፕሌንቲ አት ሆም!» ቤቴ ሞልቶኛል ማለቴ ነው።

ጌሪ አየኝ። ወለሉን በጫማው ጫፍ ጫን፣ ጫን አደረገ። ቆሻሻ አይቶ የሚያጸዳ መሰለኝ። «ራስሽ ነሽ የምትቀይሪው?» አለኝ።

«ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምቀይረው! ባሌ ነክቶት አያውቅም!»

ኮፍያውን አነሳልኝ። እኔ ልሙት፣ ኮፍያውን አነሳልኝ! ከዚያ «እንዲያ ከሆነማ እኔም ዋጋውን ላስተካክልልሽ» ብሎ ቀነሰልኝ። ደህና አድርጎ ቀነሰልኝ።

ለሶፍት ብሎ! የዚህ አገር ሰው ደግነት እኮ አያልቅም እያልኩ ፈረምኩ። ሳቅፈው ትንሽ ደነገጠ።

ቀስ ብዬ እየነዳሁ ወደምንኖርበት ወደ ሆፕኪንስ አምጥቼ አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ አቆምኳት። ጠረግኳት፣ ወለወልኳት፣ ሽንት ቤቷ ውስጥ አዲስ ሶፍት ሰቀልኩላት። እዚያ ጋ ወለሉ ስትረግጡት ዝቅ፣ ከፍ ይላል። ከሥሩ ስፖንጅ ያለው የሀብታም ምንጣፍ መሰለኝ። «ጫማዬን አውልቄ ልሂድበት» ብዬ አውልቄ ተንሸራሸርኩበት!

ሰሎሞን ትናንት ገባ። አያት። ዙሪያዋን ዞረ። ምንም አላለም። ባል ምንም ካላለ ምን እያለ እንደሆነ ያገባችሁ ታውቃላችሁ።

«ሰኞ ጠዋት እንነሳለን አይደል?» አልኩት።

«እናያለን» አለኝ። በሰሎሞን ቋንቋ «እናያለን» ማለት አይሆንም ማለት ነው።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ሰው ጠራሁ! ዛሬ ከአምልኮ በኋላ፣ «አዲስ መኪና ገዝተናል፣ መጥታችሁ ጸልዩልን» አልኩ። ያ ሁሉ ሰው እጁን ጭኖ ከጸለየባት በኋላ ሰሎሞን በየት በኩል እንቢ ይላል? ተንኮሌ ይቺ ነበረች፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

መጡ። ከፍሮግታውን ድረስ የመጣ አለ። ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ በቀለ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ረጅም፣ ሞላ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የእሳቸው እጅ ሳያርፍበት ሃይዌይ የወጣ መኪና የለም።

ሌላው ሰው ውጭ ከቧት፣ እጁን ጎኗ ላይ ጭኖ ቆመ። ጋሽ በቀለ ግን ከውጭ ብቻ አይበቃም አሉ። «ቤት ናት እኮ! ጥግ ጥጓ ነው የሚጸለይላት!»

ገቡ። ምድጃው ላይ ጸለዩ። አልጋው ላይ ጸለዩ። ለፍሪጁም ትንሽ ጸለዩለት። እኔ ከኋላቸው «አሜን፣ አሜን» እላለሁ፣ ከእኔ ኋላ ሜሮን ስልኳን እየነካካች፣ ከእሷ ኋላ ሰሎሞን እጁን አጣምሮ።

«ጋሼ፣ እሱ ይቅር፣ ሽንት ቤት ነው» አልኳቸው።

«እሱስ ቢሆን የጌታ አይደለም እንዴ?» ብለው በሩን ከፈቱ። አንድ እርምጃ ገብተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ቤት መሠረት አጽና…»

ቋ!

ጋሽ በቀለ አጠሩ።

እንዴት አድርጌ ልግለጽላችሁ? ረጅም ነበሩ፣ አጠሩ! አንድ እግራቸው እስከ ጭናቸው ወለሉን በስቶ ወርዷል። በአማርኛ የጀመሩትን ጸሎት «ያ ዋቃዮ!» ብለው በኦሮምኛ ጨረሱት። የሚይዙት ሲፈልጉ እጃቸው ያገኘው ሶፍቱን ነው፣ እሱም እየተተረተረ ተከትሏቸው ወረደ።

ውጭ ያሉት ምንም አላወቁም። «አሜን!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ አንዲት እህት ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

«ኸረ እናንተ! እግር ወረደ!»

ሰሎሞን ብብታቸውን ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። ደህና ናቸው፣ አታስቡ! ሱሪያቸው ተተረተረ፣ ጉልበታቸው ትንሽ ተጫረ፣ አንድ ጫማቸው ለጊዜው ጠፍቶ ነበር። ውጭ አውጥተን ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፣ ውሃ ሰጠናቸው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ሊገድልብኝ! ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጌሪ ጋ ደወልኩ፣ ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ስፒከር ላይ አደረግሁት። ወለሉ በስብሶ ሰው ዋጠብኝ፣ አታለልከኝ ብዬ በእንግሊዝኛ አንባረቅሁበት።

«ኦ ጂዝ!» አለ ጌሪ። ደንግጧል፣ ድምፁ ያስታውቃል። «ሰውየው ደህና ነው?» ደህና ነው አልኩት። «ሽንት ቤቱ ጋ ነው አይደል? እሱማ ሶፍት ስፖቱ ነው። ነግሬሽ ነበር እኮ። ቤቴ ሞልቶኛል፣ ሁልጊዜ ራሴ ነኝ የምቀይረው አልሽኝ። ዋጋውንም የቀነስኩልሽ ለሱ ብዬ ነው።»



ሜሮን ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝ። «ማም… ሶፍት ስፖት ማለት ዘ ፍሎር ኢዝ ራትን ማለት ነው። ወለሉ በስብሷል እያለሽ ነው። ዋት ዲድ ዩ ቲንክ ሂ ሜንት?»

ምን መሰለኝ? በምን አፌ ልናገረው? ጋሽ በቀለ ትከሻ ላይ እስካሁን የተንጠለጠለውን ነጭ ነገር በጣቴ አሳየኋት።

መጀመሪያ የገባቸው ራሳቸው ጋሽ በቀለ ናቸው። ከትከሻቸው ላይ ቆረጥ አደረጉ፣ አዩት፣ ግንባራቸውን ጠረጉበት። «ሶፍት!» አሉ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያማ ማን ይቻለው! ፓስተሩ ሳይቀር መኪናዋን ተደግፎ ሳቀ። ሰሎሞን አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ባሌ እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ!

ያልገባቸው እዚህ የተወለዱት ልጆች ብቻ ናቸው። ሰሎሞን እንባውን እየጠረገ እኛ አገር ሶፍት ማለት ምን እንደሆነ ለሜሮን አስረዳት። «ዌይት… ዋት?» አለች። ከዚያ እሷም ጎኑ ቁጭ አለች።

ጌሪ ለካ ስልኩን አልዘጋውም! «ሄሎ? ኤቭሪባዲ ኦኬ?» ይላል ደጉ ሰውዬ። ለእሱ የሚያስረዳ ሰው አጣን።

ሰው ሲበተን ሰሎሞን ካርቶን አንጥፎ ከአርቪዋ ሥር ገባ። እኔ ደረጃዋ ላይ ተቀምጬ «ብዬሽ ነበር» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁ ከሥር መጣ። «ጉዞ የለም። የወለሉ ግማሽ አልቋል። ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ብንሠራው ነው።»

ያቺ አንዷ ሳምንት ሄደች። ሐይቁ ቀረ፣ ወሬው ቀረ፣ «አትችይም» ያለኝም ልክ ሆነ። ወገን፣ እዚህ ጋ ቀልዱ አለቀብኝ፣ አለቀስኩ።

ሜሮን በአጠገቤ አልፋ ገባች። ሽንት ቤቱ በር ላይ በሆዷ ተኛችና አንገቷን ወደ ቀዳዳው ዝቅ አደረገች።

«ሃይ ዳድ።»

እኔ «ጉድ፣ ኦኬ ባይ»ን ስጠብቅ፣ ሰሎሞን ከሥር «ባትሪውን አብሪልኝ» አላት። አበራችለት። የበሰበሰ እንጨት ፊቱ ላይ ወደቀ። «አባ፣ ቀስ! ኢትስ ፎሊንግ!» አለች። አባ! በአማርኛ! ከዚያ ትራኩ ውስጥ ብቻውን ሲያድር ይፈራ እንደሆነ ጠየቀችው። አንዳንዴ አዎ አላት። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። እሷ ደግሞ ከልብ ጓደኛዋ ጋር እንደተጣሉ፣ ምሳ ብቻዋን እንደምትበላ ነገረችው። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚተፋፈሩ ሁለት ሰዎች በሽንት ቤት ቀዳዳ ሲሆን አፋቸው ተፈታ። ትንፋሼን ውጬ ሰማሁ።

ብዙ ቆይቶ ሰሎሞን ጠራኝ። «እስቲ የእንጨት መሸጫው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እዪልኝ። ፕላይውድ አምጥቼ ይቺን ቀዳዳ ለዛሬ ልድፈናት።»

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ክፍት ነው።

«ተዘግቷል» አልኩት። «እሑድ እኮ ነው።»

እሺ ብሎ ወሬውን ቀጠለ። እስካሁን እያወሩ ነው፣ እኔም ይሄን የምጽፍላችሁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

እና ወገን፣ ኮሜንት ላይ ሐሳብ አዋጡ። ነገ ሰኞ ነው፣ ሁሉም ይከፈታል። ነገስ ምን ብዬ ልዋሸው?