ገብስ የማይበላው ጭላዳ

ቪዲዮ ሳይከፍት አፉን የማይከፍት መምህር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ደባርቅ ላይ አስተምራለሁ። ታደለ እንበለው። ከኢንተርኔት ያወረደውን ሁሉ ለተማሪ የሚያሳይ ዝርክርክ እንዳይመስላችሁ፤ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያየዋል፣ ነውር ነገር እንዳይኖርበት ያጣራል። ታዲያ ምን ጎደለው ትላላችሁ? እኔም መልሱን ነው ያጣሁት።

ባለፈው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያስተምር ፕሮጀክተሩን ላግዘው ገባሁ። ምስሉ እንዲደምቅ ብለን መስኮቱን በጋቢዬ ጋረድነው። በቪዲዮው የሚተርከው ሰውዬ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ጭላዳ የሚበላው ሣር ብቻ ነው" አለ። ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔም ልጽፍ ምንም አልቀረኝ።

ድንገት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ደሴ በሩን በርግደው ገቡ።

"ኧረ ድረሱልኝ! ጭላዳው ገብሴን ጨረሰው!"

ታደለ ቪዲዮውን አቆመ። "አያ ደሴ፣ ይረጋጉ እንጂ። ጭላዳ ገብስ አይበላም፤ አሁን አየነው እኮ!"

አያ ደሴ ግድግዳው ላይ ያለውን ጭላዳ አዩ። ዞረው በበሩ በኩል ማሳቸውን አዩ።

"ምነው ታዲያ? የኔዎቹ ቪዲዮውን አላዩትም እንዴ?"

በፈተናው "ጭላዳ ምን ይበላል?" የሚል ጥያቄ ወጣ። የአያ ደሴ ልጅ "የአባቴን ገብስ" ብላ ጻፈች። ፈተናውን እንዳርምበት ታደለ የሰጠኝ የመልስ ቁልፍ ደግሞ "ሣር" ይላል። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እኔማ ግራ እንደገባኝ ኤክስ አደረግሁባት።